«ትገቢያለሽ» ያልኋት ነፍሰ ጡር

ኤምአርአይ ክፍል ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ኃላፊዬ ጋሽ ታደለ ኪሴን አስፈተሹኝ። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ግጥም የምጽፍበት እስክሪብቶ ወጣ።

«የማሽኑ ማግኔት አይተኛም፤ ሁልጊዜ ብረት ይስባል» አሉኝ። «አንተ ደግሞ ምስሉን ታነሣለህ እንጂ አታነብም። ንባቡ የራዲዮሎጂ ሐኪሟ ነው።»

ሰማሁ እንጂ አልያዝሁትም።

በሁለተኛው ዓመቴ ትርንጎ የምትባል ነፍሰ ጡር ከወገዳ ተልካ መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። አልትራሳውንዱ በፅንሱ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መብዛቱን አሳይቷል፤ ምክንያቱን ግን አልለየም።

«መስቀሉን አውልቂው፤ ማተቡ ይቆይ» አልኋት።

«ተመስገን! ማተብሽን በጥሺ ይሉኛል ብዬ መንገዱን ሁሉ ስፈራ ነው የመጣሁ።»

አነጋገሯ አገሬ አደረሰኝ። እኔም የወገዳ ልጅ ነኝ፤ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

«ገብሱ ደረሰ?» አልኋት።

«አይ ከተሜው! ታጭዶ አውድማ ገብቷል» ብላ ሳቀችብኝ።

በግራ ጎኗ አስተኛኋት። ማሽኑ ማንኳኳት ሲጀምር ፅንሱ ተገላበጠ፤ ምስሉ ደበዘዘ። ደግሜ አነሣሁ። አሁን ደግሞ እሷ ውዳሴ ማርያም በሹክሹክታ እየደገመች ሆዷ ይነቃነቃል።

በድምፅ ማጉያው «ስልሽ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ጸሎቱን በልብሽ አድርጊው» አልኋት። በስንት ሙከራ ጥርት ያለ ምስል መጣ።

ስትወጣ እጄን ያዘች። «እናቴ የገንፎ ዱቄቱን አስፈጭታ እየጠበቀችኝ ነው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት እንደሚወለድ ታውቃለህ። ለመውለድ አገሬ እገባለሁ?»

አውቃለሁ። የእናቷን ደጅ ሳስብ የእናቴ ደጅ መጣብኝ።

«ትገቢያለሽ» አልኋት።

ሐኪሟ ምስሉን አንብበው ጠሯት፤ እኔና ጋሽ ታደለም በሩ ላይ ነበርን። የአንጎሉን ሁለት ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ ደህና ነው፤ የውሃው መተላለፊያ ግን ጠቧል። «እንደ ተወለደ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ከዚህ ርቀሽ እንዳትወልጂ» አሏት።

ትርንጎ ሐኪሟን ትታ እኔን አየች። «አንተ ትገቢያለሽ ብለኸኝ አልነበር?»

ጋሽ ታደለ ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝ። «ገጣሚው፣ ምስሉን መች አነበብህ? የራስህን ናፍቆት ነው ያነበብህላት።»

እናቷ ጋ የደወለችው በእኔ ስልክ ነው። አጠገቧ ቆሜ ስታለቅስ ሰማሁ።

ልጁ እዚሁ ተወለደ፤ ቀዶ ሕክምናውም ተደረገለት። እናቷ ዱቄቱን በስልቻ ተሸክመው መጡ። በኮሪደሩ ሲያልፉ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። ሽታው እስኪጠፋ ቆምሁ።

እኛ ምስል እናነሣለን፤ ሐኪም ያነባል። እስኪነበብ ድረስ «አይዞሽ» ማለት ይበቃል።