ሳይሰብር የፎከረው

ስመኘው ቡሬ ውስጥ የብረት በር ይሠራል። እጁ ንጹሕ ነው፤ መቃን ሲያቆም ቱንቢ ይጥላል፣ ላሜራው እንዳይጣመም ብየዳውን እዚህም እዚያም እየነካካ ይይዛል። ጣጣ ያመጣበት ራፑ ነው።

ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ ይቀዳል። ብዙዎቹ ሰሚ አላገኙም። አንዱን ግን የከተማው ባጃጅ ሁሉ ያስጮኸው ጀመር፦

ከወፍጮው ጎን ቢጫ ሱቅ፣ ሰበርኩት በሩ ያውቀኛል፤
የመናኸሪያ አንበሳ ነኝ፣ ማን ደፍሮ ያቆመኛል!

በአገሩ አነጋገር ‹‹ሰበርሁ›› ብሎ ራፕ የለም ብሎ ነው እንደ አዲስ አበባ ልጅ ‹‹ሰበርኩ›› ያለው።

ስመኘው የሰው ገለባ አንስቶ አያውቅም። የዘፈኑ ታሪክ የሥራ ባልደረባው የገነነ ነው። ገነነ ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ ለትምህርት ቡሬ መጥቶ፣ ፈተና ሲወድቅ መናኸሪያ ከሚውሉ ስልክ ነጣቂዎች ጋር አበረ፤ አንድ ክረምት ሱቅ ሰበረ። ማንም አላወቀበትም። ከዚያ ወዲያ ያን ሁሉ ትቶ ከስመኘው ጋር ብየዳ ገባ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነገረው። ስመኘው ከታሪኩ ፍርሃቱን አወጣና አንበሳ ጨመረበት።

‹‹ቢጫውን እንኳ ተወው ምናለ?›› ብሎት ነበር ገነነ።

‹‹እውነት ከሌለበት ምኑን ራፕ ሆነ!››

ቢጫው ሱቅ የእትየ ባንቺአየሁ ነው። አሮጌ በራቸውን ለማስለወጥ ስላዘዙ፣ ሁለቱ አዲሱን ሊገጥሙ መጡ። ገነነ በሩን ደግፎ፣ ስመኘው ማጠፊያውን ሊበይድ ሲል ባጃጅ ዘፈኑን እያስጮኸ አለፈ።

እትየ ባንቺአየሁ ብቅ አሉ። ‹‹ይኸ ያንተ ድምፅ አይደለም እንዴ?››

‹‹ነው፣ እትየ።››

‹‹ፉከራ ነው?››

‹‹ራፕ ነው። ያው... እንደ ፉከራ ይያዙት።››

‹‹በር የሚያውቀው ሠሪውን ነው ሰባሪውን?››

ስመኘው ለመሳቅ ሞከረ። ‹‹ኧረ እኔ አልሰበርሁም! ዘፈን ነው'ኮ።››

‹‹ባልዋለበት ጦርነት የፎከረን ሰው አባቴ ከሠርግ ዳስ ሲያስወጡ አይቻለሁ። ወይ ሌባ ነህ፣ ወይ ባልዋልህበት ፎካሪ። የቱ ነህ ልበል?››

‹‹ሌባ አይደለሁም›› ካለ ‹‹ታዲያ ማነው?›› ይከተላል። መልሱ ደግሞ በሩን ደግፎ ቆሟል። ስመኘው ጆሮው ድረስ ቀላ።

‹‹እኔ ነኝ፣ እትየ›› አለ ገነነ፣ በሩን ሳይለቅ። ‹‹አንበሳ ግን አልነበርሁም። ውሻዎ ሲጮህ ስኳሩን ደፍቼ ሮጥሁ። አንድ ጫማዬም እዚያው ቀረ።››

እትየ ባንቺአየሁ ትኩር ብለው አዩት።

‹‹የግራው ነው›› አሉ። ‹‹ሶሉ በሽቦ የታሰረ። ያን ለት ሳየው፣ ይኸስ የደሃ ልጅ ነው ብዬ ነበር።›› ከዚያ በሩን ነካ አደረጉት። ‹‹አጥብቀህ ያዘው፣ እንዳይዘምብህ።››

ወደ ስመኘው ዞሩ። ‹‹እሱ ያፈረበትን ነው አንተ ጌጥ ያደረግኸው?››

ስመኘው መከለያውን ፊቱ ላይ አውርዶ መበየድ ጀመረ። ሦስት ቦታ ቢነካው የሚበቃውን ማጠፊያ ዙሪያውን በየደው። ብረቱ ቀዝቅዞ፣ ገነነ ‹‹በቃ፣ ይዟል'ኮ›› ሲለውም መከለያውን ከፊቱ አላነሳም።