የማን ማሳ ነው?

በዚያን ቀን ጠዋት ወንድሜ የኔን ጫማ አድርጎ ወጣ። የሱ ጫማ ከአሰላ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ረጥቦ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቢቀረውም ዝናቡ ገና አላቆመም። በሩ ላይ አጎንብሶ ሲያስር፣

«ትንሽ ይጠበኛል» አለ።

«አንተ ወንበር ላይ ነው የምትውለው፤ ቢጠብህ ምን ትሆናለህ?» አልኩት።

ሳቀ። እንዲህ ነበር የምንነጋገረው። እስከ ስብሰባው ድረስ ተራ ቀን ነበር።

ወንድሜ በብዙ ይበልጠኛል። አሰላ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእርሻ መምህር ነበር፤ ከማስተማሩ ጎን ጥናት ይሠራ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ማለፊያ ውጤት አላመጣሁም። አዝመራ ሲደርስ ለኮምባይነር ባለቤቶች ሥራ አገናኛለሁ። ማሽኑ የት ቀበሌ እንደሚገባ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያሳጭድ አስማማለሁ። ሰው ደላላ ይለኛል። ልክ ነው፣ ደላላ ነኝ።

ስብሰባውን የጠራው ወረዳው ነበር። የሚመጣው ዓመት የእርሻ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ገበሬውም፣ ባለሙያውም፣ ዩኒቨርሲቲውም ይነጋገሩ ተብሎ ነው። በኛ አገር የብዙ ገበሬ ማሳ ተገጣጥሞ አንድ ላይ ስንዴ ይዘራል፤ ኩታ ገጠም ይባላል። ትራክተሩም ኮምባይነሩም ሳይቆራረጥ ይሠራል። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም የምኖረው በሱ ነው። ወንድሜም አይቃወመውም ነበር። እሱ የሚለው፣ በየዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ ከተዘራ መሬቱ ይደክማል፣ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታም ይበረታል፤ ስለዚህ በየተራው ባቄላ ይግባበት፣ ይህም በዕቅዱ ውስጥ ይጻፍ ነው። ከተማሪዎቹ ጋር በየገበሬው ማሳ ሲመላለስ ከርሞ ያየውን ይዞ ነው የመጣው። «መደርደሪያ ላይ የሚቀር ከሆነ ለማን ነው የምናጠናው?» ይል ነበር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ መረቁ፣ አሚን አልን። ወንድሜ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ ከዞን ለመጡት እንግዶች በአማርኛ ተናገረ። አነጋገሩ ቀላል ነበር። አባቴም መሃል ረድፍ ላይ፣ ከዘራውን በጉልበቱ መሃል አቁሞ ያዳምጣል።

ፊት የተቀመጠ አንድ ገበሬ እጁን አወጣ። አገር የሚያውቀው ቀልደኛ ነው።

«መምህር፣ ባቄላውን እሺ እንዝራ። ከበላነው በኋላ ግን እንዲህ ተዘግቶ ስብሰባ መቀመጥ እንችላለን?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜም ሳቀ። «መስኮት ከፍተን እንሰበሰባለና» አለው። ሰው ወደደው። ያን ጊዜ ነገሩ ወደሱ ያጋደለ መስሎኝ ነበር።

እኔ ኋላ፣ ከኮምባይነር ሰዎች ጋር ነበርኩ። አጠገቤ ያለው በክርኑ ነካ አድርጎ፣

«ወንድምህ ሥራ ሊያስፈታን ነው እኮ» አለኝ። «ማሳው በባቄላ ከተሸነሸነ ማን ማሽን ይልክልናል? አንተም ዝም ትላለህ?»

እጄን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሥራዬ አሳስቦኝ ነው እላለሁ። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ እኔንም አንድ ጊዜ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። በኛ ዘንድ ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት አይሞግትም። ይህን አውቃለሁ።

«መምህር» አልኩት። ጋሼ ነበር የምለው፤ ያን ቀን አላልኩትም። «አየሁት ያልከው ማሳ የማን ነው? ስም ጥራልንና ሄደን እንይ።»

እኛ አገር ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። አንድ ሰው አየሁ ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት፣ የማን፣ ማን አብሮህ ነበር ነው። ስም ያልጠራ ምስክር፣ ምስክር አይደለም።

ወንድሜ ወደኔ አየ። ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«ስም አልጠራም» አለ። «ማሳቸውን ያሳዩኝ ሰዎች ስማችን እንዳይነሳ ብለውኛል፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። የጥናትም ደንብ ነው።»

«ስም የሌለው ማሳ ሰማይ ላይ ነው እንዴ ያለው?» አለ ቀልደኛው።

የአሁኑ ሳቅ ሌላ ሳቅ ነበር። ሰብሳቢው፣ «ጥሩ፣ ሐሳቡ ይያዝ» አሉ። በስብሰባ ቋንቋ ይያዝ ማለት ይቅር ማለት ነው።

አሁን ልጽፈው የሚከብደኝ ይህ ነው። ከማሳዎቹ አንዱ የኛ ነበር። አውቅ ነበር። ወንድሜ ባለፈው ዓመት አባቴን ለምኖ የማሳችንን ግማሽ ባቄላ አዘራው። ኩታ ገጠሙ መሃል ስለሆነ አባቴ ፈራ፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ እዚያ ጋ ውሃ ይተኛል፣ ስንዴ አይዝም ብሎ ነገረው። ወንድሜንም ስሜን እንዳታነሳ አለው። ዘንድሮ ሙሉውን ስንዴ ዘራን። ባቄላ የነበረበት ግማሽ ምን እንደሚመስል፣ ሌላው ግማሽ ምን እንደሚመስል በየቀኑ እያየሁ ነው የማልፈው። ያን ሁሉ እያወቅሁ ነው የማን ማሳ ነው ያልኩት። አባቴም ሰምቶኛል። ከዘራውን እንደያዘ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ውጭ ስንወጣ ወንድሜ ወደኔ መጣ።

«ጥያቄህ ጥሩ ነበር» አለኝ። የተቆጣ አይመስልም። «የማን እንደሆነ ግን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰዎቹ እንዲሰሙ ነው የጠየቅሁት» አልኩት። ምን ማለቴ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

እኛ ቤት ሊያድር ነበር የታሰበው። «ነገ ክፍል አለኝ፤ አሁኑኑ ልሂድ» አለ። ክፍል እንዳለውማ ጠዋትም ያውቅ ነበር፤ በማለዳ ተነስቼ እደርሳለሁ ብሎ ነበር። እደር አላልኩትም። አንድ ቃል ነበረች፣ አልወጣችልኝም። አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ በመስኮት፣ «ጫማህን እልክልሃለሁ» አለኝ። እጄን አነሳሁለት።

ጭጋግ ወርዶ ነበር። ሚኒባሱ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ። ስልኩ የመጣልን ማታ ለመግሪብ ሶላት ውዱ ስናደርግ፣ እጅ እግራችንን ስንታጠብ ነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ተማሪዎቹ በአውቶቡስ መጡ። አንዲት ልጅ፣ የክፍል ተጠሪ ነኝ አለችኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«ከመኪናው ውስጥ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹ዛሬ አንድ ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መልስ አጣሁ። ለነገ አስቡበት፤ ለገበሬው የገባነውን ቃል ሳናፈርስ ገበሬው እንዴት ይመነን?› አለኝ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ያልመለሰውን ጥያቄ ለኛ ያመጣዋል።»

«ማን እንደጠየቀው ነገረሽ?» አልኳት።

«አልነገረኝም።»

ጥሩ ጥያቄ ከሚለው ሰደበኝ ብሎ ቢነግራት ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ጠዋት ድንኳኑ ሞላ። የመጡት እነዚያው የአዳራሹ ሰዎች ናቸው። ሌላ ከየት ይመጣል? ቀልደኛው ገበሬ ገና ሲገባ ነው ያለቀሰው። «አላህ ይርሐመው፣ ሰብሩን ይስጣችሁ» እያሉ ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ። ቆይቶ፣ በለቅሶ ቤት እንደሚሆነው፣ ወሬው ወደ እርሻ ሄደ።

«የባቄላው ነገር እንግዲህ ቀረ» አለ አንዱ።

የቀበሌው ባለሙያ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ይደረግ? እሱ ቢኖር ይከራከርበት ነበር። ዕቅዱ በዚህ ሳምንት ይላካል። ማሳው የት እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ ምን ብለን እንጻፍ?»

ተነስቼ ወደ ቤት ገባሁ። አባቴ እንግዳ ከሚቀመጥበት ከመጅሊሱ ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። እኛ በኦሮምኛ ነው የምንነጋገረው፤ ያልነው ግን ይህ ነው።

«አባ፣ ማሳውን ላሳያቸው?»

«ለምን ያን ቀን አላሳየሃቸውም?» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላለኝም።

«እኔም እዚያው ነበርኩ» አለ። «የኔ ነው ብዬ መነሳት እችል ነበር። ልጄን ሲስቁበት ከዘራዬን ይዤ ተቀመጥኩ።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

«ቃል ያስገባሁት እሱን ነው፤ አንተን አላስገባሁህም። ሂድ አሳያቸው። ባለሙያው ከተቆጣ በኔ ይቆጣ።» ልወጣ ስል ጠራኝ። «የኔን ብቻ። የሌላ ሰው ስም ካፍህ እንዳይወጣ። ለነሱም ቃል ገብቷል።»

በሩ ላይ ጫማ ፈለግሁ። የኔ የለም። የሱ ደርቆ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አደረግሁት። ይሰፋኛል።

ድንኳኑ መሃል ቆምኩ። በሰው ፊት የተናገርኩትን እነዚያው ሰዎች ፊት ካልመለስኩ መመለስ አይሆንም።

«ያን ቀን የማን ማሳ ነው ብዬ ወንድሜን ጠይቄው ነበር» አልኩ። «የማን እንደሆነ እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት። ተነሱ፣ ላሳያችሁ።»

ማንም አልተነሳም። የመረቁት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ሐዘንተኛ ከድንኳን አይወጣም። ተቀመጥ፤ ሌላ ቀን ይደርሳል» አሉኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ከተቀመጥኩ ሌላ ቀን አልነሳም።»

አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ለአጠገባቸው ሰው ሰጡ፣ ደግፎ አነሳቸው። እሳቸው ሲነሱ ሌላውም ተነሳ።

ማሳው ሩቅ አይደለም። ጤዛው ገና ስላልረገፈ ሱሪያችን እስከ ጉልበት ረጠበ። ወሰኑ ላይ ስንደርስ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በአንድ በኩል ስንዴው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ዛላው ከብዶታል። በሌላው በኩል ሳስቷል፣ ቅጠሉም ወይቧል። ባለሙያው አንድ ቅጠል በጣቱ ሲያሸው ቢጫ ዱቄት ቀረበት። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ውሃ ይተኛበታል የተባለው ይሄ ነው?» አለኝ።

«ይሄ ነው። ባለፈው ዓመት ባቄላ የነበረበት ይሄ አረንጓዴው ነው።»

«የአባትህ።»

«የአባቴ ነው።»

ወሰኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ከዚያ፣ «አንድ ማሳ ነው» አለ። «በአንድ ማሳ ዕቅድ አይለወጥም።» ክፋት አልነበረበትም። ወንድሜም ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚለው።

ቀልደኛው ገበሬ ከኋላ መጣ። ዓይኑ እንደቀላ ነው።

«ሌሎቹስ?» አለኝ። «ሌሎቹ የማን የማን ናቸው?»

አንዱን አውቅ ነበር። ቆመንበት ካለው ቦታ ይታያል።

«ስም አልጠራም» አልኩት። «ቃል አለበት።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ከአረንጓዴው አንድ ዛላ ቀጠፈና በመዳፉ ያሽ ጀመር። እኔ በሰፊው ጫማ ጭቃው ውስጥ ቆሜ፣ ያሸውን እስኪጨርስ ጠበቅሁት።