ድምፅ የሌለው ካሴት

አባቴ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሞተር መካኒክ ነበር። በደርግ ጊዜ ቪዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበርና እኛም የቪዲዮ ዴኩን ያገኘነው በእሱ ሥራ ምክንያት ነው። ካሴት የምታመጣልን ጎረቤታችን የነበረች ሆስተስ ናት፤ አብዛኛው ከውጭ አገር ቴሌቪዥን የተቀዳ የባልና ሚስት ኮሜዲ ነበር።

እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ እናያለን። የካሴቶቹ ድምፅ ግን አንድ ወጥ አልነበረም። አንዱ ክፍል ጆሮ ያደነቁራል፣ ቀጣዩ ላይ ሰዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላሉ። ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። አባቴ ደግሞ እንግሊዝኛ ለማታውቀው እናቴ ይተረጉማል።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ ከእኔ ወዲያ እንግሊዝኛ ለአሳር ማለት ጀመርኩ። የአባቴ ትርጉም አልጥመኝ አለ። ሴትየዋ ቁልፏን እንደረሳች ስትናገር እሱ "እናቴ ልትመጣ ነው አለችው" ይላል።

"አባዬ፣ እንደዚያ አላለችም" ብዬ እጮኻለሁ።

"ካሴቱ ነዋ! ድምፁ ይሄዳል ይመጣል" ይለኛል።

እውነትም ይሄዳል ይመጣል። እኔ ግን እንግሊዝኛ አይችልም ብዬ ጓደኞቼን ሳይቀር አሳቅኩበት። ዛሬም ያሳፍረኛል።

በዚያው ዓመት አባቴ ምሳ ላይ ሳለን፣ ሠራተኛው ሁሉ ጆሮውን ሊመረመር መሆኑን ነገረን። ጆሮው የደከመ ከሞተር ሥራ ይነሣል ተብሏል። እሱ ሌላ ሥራ አያውቅም፣ አይወድምም። እናቴ ያን ቀን ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ምርመራው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ካሴቱ መሃል ላይ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ንግግርም ሳቅም የለም፤ ምስሉ ብቻ ይሄዳል። ልነግረው ዞር ስል አባቴ መተርጎሙን አላቋረጠም።

"ባልየው ወጡን ያሳረርኩት እኔ አይደለሁም እያላት ነው" አለና ሳቀ።

እናቴም ሳቀች። ያኔ አየኋት፤ ፊቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አልነበረም። ለካ ሁልጊዜም የምትቀመጠው አፏን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ነው።

"እሷስ ምን አለችው?" አለችው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች።

"ታዲያ ማድቤት የገባው ማነው? አለችው።"

ስንቱን እሑድ እንግሊዝኛውን ሳርምለት፣ ለካ የማያውቀው እንግሊዝኛውን አልነበረም።

"እስቲ ትንሽ ከፍ አድርጊው" አለኝ።

ተነሥቼ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ቴሌቪዥኑ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ወደ ቦታዬ አልተመለስኩም፤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"አሁንስ ተሻለ፣ አባዬ?" አልኩት።

"አዎ፣ አሁን ጥሩ ነው።"

"እሱስ ምን መለሰላት?" አልኩት፣ አፌን ከፈት አድርጌ።