መርዶ ያመጣብኝ ሸክላ

ትናንት ከሰዓት በስልኬ የድሮ የሸክላ ቅጂዎች ስጎረጉር አንዲት የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ ብቅ አለች። ያቺው ራሷ... ከመጀመሯ በፊት ቆሎ የሚቆላ ይመስል ንጥጥ ንጥጥ የምትለዋ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ነው። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ መካነ ሰላም የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ወሎን የገረፈው ክፉ ቀን ገና ከሰው ፊት ላይ አልጠፋም። ስም ስጠራ «አቤት» የማይሉ ልጆች ነበሩ፤ ስማቸውን ለመሰረዝ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

አባቴ አዲስ አበባ የአንድ ባለሥልጣን ጸሐፊ ነበር። ጌታው ሲታሰር እሱንም አብረው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። ይኑር ይሙት አላውቅም። ራዲዮ ስም መዘርዘር ሲጀምር ተነሥቼ እወጣለሁ።

መካነ ሰላም ስመደብ አባቴ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የሸክላ ማጫወቻና ሦስት ሸክላ ሰጥቶኝ ነበር። አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ የተወለት ነው። ቅጂዎቹ እኔ ሳልወለድ የተቀዱ፣ ያረጁ ናቸው። እሁድ እሁድ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ እያየሁ ነው ያደግሁት። «ስሚ፤ ቫዮሊኑ ይጠይቃል፣ ፒያኖው ይመልሳል» ይለኛል።

እኔ ግን እዚያ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረኝም። ጥፋቱም የራሴ ነው። ኩራትም ነበረብኝ፣ ፍርሃትም። ስምንት ወር ስቀመጥ የአንድ ጎረቤት ደጅ አልረገጥኩም። ስለ አባቴም ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆዴ ባባ። እስከዚያ ቀን ዝቅ አድርጌ ብቻ ነበር የምሰማው፤ ያን ቀን ግን መስኮቱን ከፈትኩ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ለቀቅሁና የሶናታዋን ዝግ ያለ ክፍል አጫወትኩ። ሲያልቅ መልሼ... ሲያልቅ መልሼ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ስንቴ እንደደጋገምኳት እንጃ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።

ስከፍተው ግቢው ሙሉ ሰው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከፊት የሰፈሩ ቄስ መምሬ ተገኝ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከጎናቸው የቤት አከራዬ እትዬ የሺ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

በእኛ አገር ሳይነጋ ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል። መርዶ ነው።

«ወይኔ አባቴን!» ብዬ ደጃፉ ላይ ተዘረርኩ።

ግቢው በአንድ ጊዜ አነባ። «አባቷን ነው! አባቷን ነው!» ተባባሉ። እትዬ የሺ ደረታቸውን እየመቱ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ ሆዴ» እያሉ አቀፉኝ። ስሜን እንኳን የማያውቁ ሰዎች ተንሰቅስቀው አለቀሱልኝ። አራት ወር ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። ውሸት ምን ያደርግልኛል... እንዲያ ታቅፌ ሳለቅስ እንደማረፍ አለኝ።

ትንሽ በረድ ሲል ንፍሮ ቀረበ። እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ በጭብጡ ያመጣው ነው። በዚያ ዓመት! እፍኝ ስንዴ ምን ማለት እንደነበር ያየ ያውቀዋል።

መምሬ ተገኝ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ፤ በጸሎት እንዳስባቸው። ለመሆኑ መቼ አረፉ?»

«እሱንማ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ አባቴ!»

«እኔ? እኔ ከማን ሰምቼ?»



«ታዲያ... ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ?» አልኩ።

እትዬ የሺ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ምን ልንነግርሽ! ትናንት ቤትሽ ሲለቀስ አልዋለም እንዴ? በመስኮቱ ስንሰማ ነበርኮ። አንዲቱ አልቃሽ ታወጣለች፣ ሌላዋ ትቀበላታለች። መርዶ መጥቶባት ዘመዶቿ ገብተዋል አልንና ልናስተዛዝንሽ መጣን።»

ለካ ቫዮሊኗ አልቃሽ፣ ፒያኖው ተቀባይ ሆነውላቸው ኖሯል። እኔ እነሱን አይቼ አለቀስኩ፣ እነሱ ደግሞ የእኔን ሸክላ ሰምተው!

ማጫወቻውን አውጥቼ አሳየኋቸው። መምሬ ተገኝ ዞር ዞር ብለው አዩት። «ሬሳ ሳይኖር የምታለቅሰው ይቺ ናት?» ሲሉ ሳቅ አመለጠን። አባቴ በሕይወት ሊኖር ይችላል ማለት ነው!

ያልሳቀች አንዲት ሴት ነበረች። ዘውዴ ትባላለች፤ በክፉው ቀን ከቆላ ተሰድዳ መጥታ እትዬ የሺ ጓሮ የተጠጋች። መንገድ ላይ ሁለት ልጆቿን አፈር አልብሳ፣ ቁጭ ብላ ሳታለቅስላቸው ነው የመጣችው።

«እቴ...» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ያቺን አልቃሽ እስቲ መልሰሽ አምጫት።»

ሸክላውን አስቀመጥኩ። ንጥጥ ንጥጥ አለ፤ ከዚያ ቫዮሊኗ ገባች። ዘውዴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ተነሣች። የልጆቿን ስም በየተራ ጠራች። ሰዉ ሁሉ ተቀበላት። እኔም፣ ከሰው ተለይቼ የኖርኩት ሴትዮ፣ ከመሃል ሆኜ ተቀበልኳት። የባትሪው ድንጋይ ደክሞ ሸክላው እየተጎተተ ሲቆምም ለቅሶው አልቆመም።

አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈታ። ይህን ስነግረው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና፣ «የክርስትና ስሜን ነገርሻቸው?» ብቻ አለኝ።

አርጅቶ የሞተ ጊዜ አዲስ አበባ የተተከለው ድንኳን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ግማሹ ስልኩን ያያል፣ ግማሹ ሰዓቱን... እውነቱን ልናገር? አባቴ በደንብ የተለቀሰለት ያኔ ሳይሞት ነው።