ማኖቬላውን የያዝኩ ቀን

በእኔ አረቄ ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ ሾፌር ከሆንክ ማኖቬላህን አስረክበህ ትጠጣለህ። ያኔ መኪና የሚነሳው ያንን ቆልማማ ብረት ከፊቱ ሰክተው ሲያዞሩት ነው። ብረቱ አልጋዬ ስር ከገባ ሰካራሙ ወይ እዚያው ይተኛል፣ ወይ አቃቂ ጣቢያ ወርዶ በባቡር ይሄዳል። "ባቡር አይሰክርም" እል ነበር። ጉረኛ ነበርኩ።

ባሌም የሎንቺና ሾፌር ነው፤ ከአቃቂ አዲስ አበባ ሰው ያመላልሳል። ለእሱም ሕጉ ሕግ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ተሳፋሪው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው፣ እሱ እኔ ዘንድ ሰባት መለኪያ ገለበጠ። ከዚያ ተነሳና "ብረቱን አምጪ" አለኝ።

"ሞቼ እገኛለሁ! ሂድና ተኛ" አልኩና ብረቱን ከአልጋዬ ስር ስቤ አቀፍኩት።

በጥፊ አጮለኝ። ጸጉሬን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። እኔም ክንዱን ነከስኩት፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። መሬት ጥሎ በእርግጫ ሲለኝ እንኳ ማኖቬላውን ደረቴ ላይ አቅፌ በልቤ "እሰይ፣ አትነዳትም!" እል ነበር።

ሳቀብኝ። "ያዢው በቃ" ብሎ ወጣ።

የሾፌር ሚስት ሆኜ እንዴት ረሳሁት! መኪና ቁልቁለት ላይ ከተገፋ ያለ ማኖቬላም ይነሳል። ሎንቺናዋን ያቆማት ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነው። "ኧረ ግፉ!" ሲል ሰማሁት። ሰዉ ደግሞ መኪና ግፋ ከተባለ አይጠይቅም፤ ወርዶ ትከሻውን ይሰጣል። ደሜን እየጠረግሁ ሮጬ ወጣሁ።

"ሰክሯል! ተዉ! ባቡሩ ሊመጣ ነው፣ በባቡር ሂዱ!"

"የባልና ሚስት ጠብ ነው" ብለው ገፉ። ውስጥ የቀሩት ጎረቤቴ አሮጊቷ ብቻ ነበሩ።

"እማማ፣ በማርያም ይውረዱ!" አልኳቸው።

"ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች። ባቡሩማ መች ሰዓቱን ያውቃል?" አሉኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ሰው እየተሯሯጠ ተንጠላጠለ።

ድልድዩ ጋ ተገለበጠች። ስደርስ አንዱ እግሩን ይዞ ይጮሃል፣ ሌላው መስታወት ከፊቱ ይነቅላል። እማማ ከሥሯ ነበሩ፤ ደረታቸው ተጨፍልቋል። ባቡሩ እያፏጨ የደረሰው ያኔ ነው።

ባሌ ግንባሩ ተተርትሮ መሬት ተቀምጧል። ፖሊስ መጣና "የት ነው የጠጣኸው?" አለው። ቀና ብሎ አየኝ።

"አዲስ አበባ፣ ስሙን የማላውቀው ቤት።"

ያ እንደ አህያ የቀጠቀጠኝ ሰው ለእኔ ዋሸልኝ! ማኖቬላው አሁንም እጄ ላይ ነበር። ሰባተኛውን መለኪያ ስቀዳለት "ብረቱ እኔ ጋ ነው፣ ምን ገዶኝ" ብዬ ነበር።

"እኔ ቤት ነው የጠጣው" አልኩት ፖሊሱን። "የቀዳሁለትም እኔ ነኝ።"