እኅቴን «መርፌሽን ተዪው» ያልኩበት ቀን

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! ጌታ ይባረክ! ይህን ማይክ ለመያዝ ሦስት እሑድ አመንትቻለሁ። ዛሬ ግን የሆነውን ሳልነግራችሁ ቤቴ አልገባም። ተስፋዬ እባላለሁ፤ ቀጨኔ ተወልጄ ያደግሁ ሸማኔ ነኝ። ከሽመናው ጎን ለጎን ደግሞ አራት ዓመት አስማት ተምሬያለሁ። አዎ፣ አስማት። አትደንግጡ፣ ጌታ ከዚያ አውጥቶኛል፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

ያስተማሩኝ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ፣ በሰፈራችን የታወቁ አዋቂ ናቸው። እኔ የሄድኩት ባንድ ቀን መንፈስ ልጠራ ነው። እሳቸው ግን አንድ ዓመት ሙሉ በር አጠገብ አስቀመጡኝ። «መጀመሪያ ሰው ሲያወራ ስማ» አሉኝ። ሰማሁ። የሚመጣው ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ችግሩን ላጠገቡ ሰው ያወራል፤ እሳቸው ያንኑ መልሰው ሲነግሩት «እንዴት አወቁ!» ይላል። በሁለተኛው ዓመት ክታብ መጻፍ ተማርኩ፣ ከዚያ ቅጠልና ሥር።

አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሽ ዘለቀ፣ እውነት ይሠራል?» አልኳቸው።

«የፈራ ሰው ይረጋጋል። የተጣላ አንዳንዴ ይታረቃል። ከዚያ አያልፍም» አሉኝ። «ትኩሳት የያዘው ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጣ እጅህን እንዳታስገባ። ሆስፒታል ላከው። ይህን ሳታውቅ ሌላውን አትማር።»

ወገኖቼ፣ አዋቂው ራሱ ወሰኑን ያውቅ ነበር! አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። አዲሱ ገበያ አንድ ክፍል ይዤ ለብቻዬ ጀመርኩ። ሰው «አዋቂው» ሲለኝ ልቤ አበጠ።

ታናሽ እኅቴ ሰናይት ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ አለባት። በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለፈው ክረምት ክፍሌ መጥታ ቁጭ አለችና «ተስፍሽ፣ ለባዳው ሁሉ ትደርሳለህ። እኔንስ? የምወጋበት ቦታ እኮ አጣሁ፤ በቃ ሰለቸኝ» አለችኝ።

የጋሽ ዘለቀ ቃል ትዝ አለኝ። ግን «አልችልም» ማለት አፈርኩ። ክታብ ጻፍኩላት፤ ሥር ቀቅዬ በጠርሙስ ሰጠኋት።

«መርፌውስ?» አለች።

«ተዪው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባሏ ደረጀ ደወለ። «ሰናይት እያስመለሳት ነው፤ ትንፋሿ ልክ አይደለም፤ ቶሎ ና!» ሮጬ ስደርስ ዓይኗ ተገልጦ አታየኝም። ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ቤታቸው መኪና የማይገባበት ገደላማ ላይ ነው። ደረጀ አዘላት፤ እኔ ከኋላ ደገፍኳት። ድንጋዩ በዝናብ ረጥቦ ሁለት ጊዜ ልንወድቅ ነበር። እኔ የጻፍኩት ክታብ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ አየዋለሁ። ታክሲ አግኝተን ጳውሎስ አካባቢ ያለ ሆስፒታል አስገባናት።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። የደሟን ውጤት ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ኢንሱሊን አቁማለች?»

«በፍጹም! በየቀኑ ትወጋለች» አለ ደረጀ። አያውቅማ!

«ሌላ የጠጣችው ነገርስ? ኩላሊቷ ተጎድቷል። የምታውቁት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ።»

ብናገር ደረጀ አይለቀኝም፤ ምናልባትም እታሰራለሁ። ባልናገር እኅቴ ትሞታለች። ይህን እያወቅሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም አልኩ! አራት ዓመት በቃሌ ያጠናሁትን ሁሉ በሆዴ ደገምኩ። ምንም የለም። ሰናይት ማቃሰት ጀመረች።

አጠገቧ ባለው አልጋ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ እትዬ ብርቄ የሚባሉ እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ላብ አጥምቆሃል። የምታውቀው ካለ ተናገር። ኢየሱስ ይረዳሃል፤ ብቻ ተናገር» አሉኝ።

«ኢየሱስ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» አልኩ። ስሙን ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ከሦስት ቀን በፊት መርፌውን ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ሥር አጠጥቻታለሁ።» የሥሩን ስም ነገርኳት። ደረጀ አንገቴን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። ዶክተሯ «ከዚህ ውጡልኝ!» ብላ ጮኸችና ወደ ሰናይት ዞረች።

ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ደረጀ በአጠገቤ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። እትዬ ብርቄ ግን ዳቦ ያካፍሉኛል፣ ጌታ በመስቀል ላይ የሠራልኝን ይነግሩኛል። እዚያ አግዳሚ ላይ ነው እያለቀስኩ ሕይወቴን ለጌታ የሰጠሁት። በማግስቱ ዶክተሯ ወጣች። «ነቅታለች፤ ኩላሊቷም እየተሻለው ነው። ባትነግረኝ ኖሮ ምክንያቱን ስፈልግ ታመልጠኝ ነበር» አለችኝ። ሃሌ ሉያ! ሃሌ ሉያ! ስሙ ይክበር!

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልላችሁም። ሰናይት ዛሬም መርፌዋን ትወጋለች፤ እሱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው። አምስት ወር አላናገረችኝም። ስታናግረኝም መጀመሪያ ያለችኝ «አንተ ስላልክ እኮ ነው ያመንኩት» ነው። ከደረጀ እጅ ይልቅ ይህ አመመኝ።

እናንተ ወጣቶች፣ በስልክ ቪዲዮ እያያችሁ አስማት የምትሞክሩ አላችሁ፤ ከየት እንጀምር ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ካርታ መደበቅ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ መሆኑን ለሰው እየነገራችሁ ተጫወቱ። የታመመ ሰው ፊት ከሆነ ግን አትጀምሩት። እኔ ጀምሬ የደረስኩበትን አይታችሁ ተመለሱ።

አሁን ክታብ የሰጠኋቸውን ሰዎች በር እያንኳኳሁ ነው። «ዋሽቻችኋለሁ፤ የተዋችሁትን መድኃኒት መልሳችሁ ጀምሩ» እላቸዋለሁ። የሚሰድበኝ አለ፤ በር የሚዘጋብኝ አለ። ጌታ ግን ሰላሜን አልወሰደም፤ ተመስገን! ግን የሁሉንም ቤት አላውቀውም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእጄ ክታብ ወይም ሥር የተቀበለ ሰው ካለ፣ እባካችሁ አትፈሩ። ኢየሱስ እውነት ይዞ የመጣን ሰው አይመልስም፤ እኔን አልመለሰኝም። ጸሎቱ ሲያልቅ በሩ ጋ እጠብቃችኋለሁ። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን።