የዋይስ ድምፅ በአዲሱ ስፒከር

ጦርነቱ ገና በቅጡ ሳይበርድ፣ ሕዝቡ ከስደተኛ ጣቢያ ወደ ፈራረሰችው ሃርጌሳ እየተመለሰ ሳለ፣ ዋሄን ገበያ ጣራ በሌለው ሱቅ ውስጥ ቴፕ የሚጠግን ኢጋል የሚባል ወዳጅ ነበረኝ። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ይላል፦ አዲስ ስፒከር ብዙ ሰዓት ካልተጫወተ ትክክለኛ ድምፁን አይሰጥም ባይ ነው።

«የስፒከሩ ወረቀት ሲወጣ ግትር ነው፤ ሲሠራ ይላላል።»

ጎረቤቱ ቡራሌ፣ ገንዘብ መንዛሪው፣ አይምረውም። «የሚላላው ያንተ ጆሮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

አንድ ቀን ሲራድ የምትባል ሴት መጣች። ከተማው በቦምብ ሲደበደብ ባሏ ዋይስ የገባበት ጠፍቷል። የቀራት ከዚያ በፊት በርበራ ለሥራ ሄዶ ሳለ ድምፁን ቀድቶ የላከላት ካሴት ነው። ቴፑን ተሸክማ ስትሸሽ ስፒከሩ ተቀዶባት ኖሯል። ኢጋል አዲስ ገጠመላት። ካሴቱ ሲጀምር ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ዋይስ አይደለም። ዋይስ ሲናገር ደረቱ ይሰማል።»

«እኅቴ፣ ገና አዲስ እኮ ነው። ጠዋት ማታ አጫውቺው፣ ኢንሻአላህ ይመጣል።»

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች።

«እህስ?» አላት።

«አሁን እሱን ይመስላል።»

«ሰማህ ቡራሌ? ወላሂ፣ ሰማህ?»

ሲራድ ግን አልሳቀችም። «ትናንት ድሮ ሲጠራኝ እንዴት እንደነበር ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣልኝ ይሄ የቴፑ ድምፅ ነው። የፊተኛው ጠፋብኝ፣ ኢጋል።»

ኢጋል ተነሣ። ከዚያ አብሮ የገዛውን፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣውን መንትያ ስፒከር አመጣና ሁለቱን በየተራ አሰማን። አንድ ናቸው። ቅንጣት ልዩነት የላቸውም።

«እኔ ነኛ የለመድኩት» አለች ሲራድ።

ቡራሌ የሚቀልድበት ቀን ነበር፤ አልቀለደም።

«አሮጌውን ጣልከው?» አለው ኢጋልን።

ኢጋል የሚጥለው ነገር የለም። ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣውና ቅዱን በሲጋራ ወረቀትና በሙጫ ለጠፈው፤ ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ ገጠመው።

«ይሻክራል እንግዲህ።»

ሻከረም። ከሻካራው ሥር ግን ወፍራም፣ ያልቸኮለ የሰው ድምፅ መጣ፦ «ሲራድ፣ የጣራው ቆርቆሮ ላልቷል፤ ስመጣ አስታውሽኝ፣ እመታዋለሁ።»

እጇን ዘርግታ አጠፋችው።

«ምነው፣ አልሆነም?» አለ ኢጋል ደንግጦ።

«እሱ ነው» አለች፣ ቴፑን በሻርፗ እየጠቀለለች። «እንዳልለምደው ብዬ ነው።»